ፎቅና ምድር ቤት በአንድ ኬብል

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ደብተሩን የገዛሁት ለሥራ ነበር፤ የኬብል ቁጥርና የማሽን አድራሻ ልጽፍበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለ ሙቀቱ አማረርኩ፣ ሁለተኛው ላይ ኒዛርን አማሁት። እንግዲህ የኬብሉን ቁጥር ሌላ ቦታ እጽፋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን የባሕር ጥልቀት ይለካል። ጀልባችን በማለዳ ወጥታ መርከብ የሚያልፍበትን ውኃ ትለካና ረፋድ ላይ ልኬቱን በደብተር ይዛ ትመለሳለች። ኑሪያ ምድር ቤት ቁጭ ብላ ደብተሩን ፒሲ ላይ ትተይባለች። ኒዛር ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ዩኒክስ በሚባሉት ትልልቅ ማሽኖች፣ ቁጥሩን ካርታ ያደርገዋል። ፒሲና ዩኒክስ ግን ቋንቋቸው ለየቅል ነው፣ አይነጋገሩም። ስለዚህ ኑሪያ ፍላሽ ይዛ ሃያ ሁለቱን ደረጃ በቀን አራት ጊዜ ትወጣለች።

እዚህ ጅቡቲ ክሊም የምንለው ማቀዝቀዣ ያለው ፎቅ ላይ ብቻ ነው። «ለማሽኖቹ ነው» ይባላል። ምድር ቤት ያሉት ሰዎች ስለሆኑ ቬንትሌተር ይበቃቸዋል፤ የኔ ጠረጴዛ ፎቅ፣ ማሽኖቹ ጎን ነው።

ዛሬ አሠሪያችን ሐጂ አብዱልፈታሕ ጠርተውኝ «ሶሬሳ፣ የላዩንና የታቹን ቤት አገናኝልኝ» አሉ። ሽማግሌ አድርገው የላኩኝ ነው የመሰለኝ። እሺ አልኩ። ሁለት ሳምንት አይፈጅብኝም ያልኩትም እኔው ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ተገናኙ! ሁለቱን የሚያስታርቀው ፕሮግራም ሳምባ ይባላል። ሐጂ ስሙን ሲሰሙ «ታዲያ ሲጋራ አታስለምዱት» ብለው ሳቁ።

ኒዛር አልሳቀም። ኒዛር የመናዊ ዘር ያለው የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። አዲስ አበባ አምስት ዓመት ተምሯል፣ አማርኛውን ከዚያ አመጣው፤ ኩራቱን ግን ይዞ ነው የሄደው። «መጫወቻ ከማሽኔ ጋር አያያዝክብኝ» አለኝ። መጫወቻ የሚለው ፒሲውን ነው።

ኑሪያ የመጀመሪያውን ፋይል ከወንበሯ ሳትነሳ ወደ ፎቅ ላከችና «ደረጃው ሊናፍቀኝ ነው» አለች። እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ ቆይቶ ነው የሚያስቅህ። እኔን ቤት ከገባሁ በኋላ አሳቀኝ።

በዚያው ሰዓቷንም አስተካከልኩላት። ስምንት ዓመት ጅቡቲ ኖራ ሰዓቷ ድሬዳዋ የቀረ ሴት ናት። ስልኳም የእጅ ሰዓቷም በኛ አቆጣጠር ነው፣ ኮምፒውተሩ ብቻ በፈረንጅ። «ከሱ ጋር ስጣላ ነው የምውለው» አለችኝ። በራሱ እንዳይስተካከል አድርጌ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «አላህ ይስጥህ» አለች።

ለሌሎቹም ቢጠይቁኝ አደርግላቸው ነበር። አልጠየቁኝም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

በጥድፊያ። ሥራው አለቀ። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጫት ገብቶ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም የምድር ቤቱን ፋይልና የፎቁን ፋይል ያስተያያል። በኋላ የተጻፈው በፊት በተጻፈው ላይ ይገለበጣል። አዲሱ ይቀራል፣ አሮጌው ይጠፋል። የሰው እጅ የለበትም።

ፍላሽም ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል፤ ቫይረስ ያመጣል ብዬ ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሐጂን «ይህ ነገር አይሳሳትም» አልኳቸው።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ኑሪያ «የትናንቱ ሥራዬ የለም» ትላለች፤ እሁድ እዚህ የሥራ ቀን ነው። ወረድኩ። እውነትም የለም፤ ፋይሉ አለ፣ የትናንት መስመሮች ግን የሉበትም።

«ሴቭ አድርገሽዋል?» አልኳት።

«አድርጌዋለሁ።»

ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው። ሰባት ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር ሴቭ አላደረግኩም ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም። በትዕግሥት፣ በፈገግታ፣ ሴቭ እንዴት እንደሚደረግ አሳየኋት። የሦስት ዓመት ጸሐፊ! ደብተሩን ከፍታ ሁለት መቶ አርባ መስመር እንደ አዲስ መተየብ ጀመረች።

«አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አልኳት።

«በፍላሽ ጊዜ አላጋጠመኝም» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ሦስተኛ ጊዜ። በየቀኑ አይደለም፤ አራት ቀን ደህና ይሆንና በአምስተኛው ድራሹ ይጠፋል።

ኒዛር ደረጃው ላይ ቆሞ «ተይባው ቢሆን ይገኝ ነበር» ሲል ሰማሁት። እንድሰማው አልነበረም፤ ሐጂ እንዲሰሙት ነበር። ሰሙት። ከሰዓት በፊት ኑሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፈርማ ተቀበለች።

ከመጻፋቸው በፊት ግን ሐጂ ጠርተው ጠይቀውኛል። «ኔትዎርኩ ይሆን እንዴ?»

«ኔትዎርኩ ንጹሕ ነው» አልኩ።

አጣርቼ ነው? ኬብሉን አይቻለሁ። ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ገጽ አለ፤ እሱን አልከፈትኩትም። የራሴን ፕሮግራም እኔ ካላመንኩት ማን ያምነዋል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ኀምሲን፣ የበረሃው ነፋስ። አሸዋ በጥርሴ መሃል። መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ክሊሙ ሲጠፋ የፎቅ ሰዎች ወርደው የሰው ፊት አዩ። ኒዛር የኑሪያ ቬንትሌተር ፊት ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ አሳቃት። ምን ብሎ? ሰማሁት፣ አያስቅም። ለሥራ ጉዳይ አራት ጊዜ ወርጄ ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ደረስኩበት! ፋይሉ የጠፋባቸውን ቀናት ሁሉ ጻፍኩ፤ አራት ናቸው። በአራቱም ቀን ጠዋት ኒዛር የኑሪያን ፋይል ፎቅ ላይ ከፍቶታል፤ ማን ምን እንደከፈተ ማሽኑ ራሱ ይይዛል። ከፍቶ፣ ምንም ሳይነካ፣ ሴቭ ብሎ ይዘጋዋል። ልማዱ ነው፤ በር ዘግቶ እጀታውን ሁለቴ የሚጎትት ዓይነት ሰው አለ አይደል፣ እንደዚያ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ መደበቅ አልችልም። ሐጂ ቢሮ ገብቼ፣ ስም ሳልጠራ፣ «ፎቅ ላይ እጅ የሚያበዛ ሰው ያለ ይመስለኛል» አልኩ። ሐጂ ወዲያው ኒዛርን አስጠሩት። ለካ ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር፤ ከኔ ሌላ ፋይሉን ፎቅ ላይ የሚከፍተው እሱ ነው።

ኒዛር ግራ ገብቶት አየኝ። «ጠዋት ነው የማየው። እሷ ቀትር ላይ ትጨርሳለች። የጠዋቱ የቀትሩን እንዴት ያጠፋዋል? አዲሱ ይቀራል ያልከው አንተ አይደለህም?»

በሙቀቱ አሳበብኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

የአክስቴ ልጅ ትርንጎ መጣች። ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር የውጭ ሰዎች ቤት ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች፤ ዓርብ ግማሽ ቀን የራሷ ነው። ጋቦዴ ሰፈር ያለችውን ክፍሌን በአንድ ዓይኗ አይታ ሳህኖቹን አጠበቻቸው። ተይ ብላት «በሳምንት ስድስት ቀን የሰው አጥባለሁ፣ የወንድሜ ምን ይሆናል» አለችኝ።

የመሥሪያ ቤቱን ነገር ነገርኳት። አዳምጣኝ ስታበቃ «ስለዚያ ኒዛር ስለምትለው ልጅ አንድ ሰዓት አወራህ፣ ስለ ሴትየዋ ሁለት» አለች።

«ሥራ ነው፣ ትርንጎ።»

«እኔም እሠራለሁ። የእመቤቴን ስም በቀን ሃያ ጊዜ አልጠራም።»

የኑሪያ ልጅ ሱሪያ ሰባት ዓመቷ እንደሆነ፣ ቅርጫት ውስጥ የገባ ድመት ስትሥል እናቷ ጠረጴዛ ላይ እንዳየሁ፣ ይህን ሁሉ ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። የልጅቱ አባት የት እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። ኑሪያን ማለቴ ነው። የቢሮውን ዘበኛ ጠይቄዋለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

መጥፎ ቀን። ባለፈው ሳምንት የአንድ ቀን ልኬት ጠፍቶ ማንም ሳያየው ካርታው እንደ ጎደለ ለደንበኛው ሄዷል። ደንበኛው መለሰው፤ ከውኃው መሃል አንድ ሰፊ ነጭ ቦታ፣ ቁጥር የሌለበት። ሐጂ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ነጩን እየመቱ «እዚህ ላይ መርከብ ቢገባ ማን ነው የሚጠየቀው? እኔ!» አሉ።

ኑሪያ በእጇ የገለበጠችውን ወረቀት አቀረበች፤ ካለፈው ወር ጀምሮ የተየበችውን ሁሉ እንደገና በእስክሪብቶ እየጻፈች ታስቀምጥ ነበር። የዚያ ቀን ወረቀትም አለ። ሐጂ አዩትና ይበልጥ ተናደዱ። «በእጅሽ የጻፍሽውን ማሽን ላይ መጻፍ ምን ከለከለሽ?»

ኮንትራቷ መስከረም 20 ያልቃል፣ አይታደስም አሏት። የመኖሪያ ካርዷ በመሥሪያ ቤቱ ስም ነው። ካርዱ ከሌለ ናጋድ ጣቢያ ሄዶ ወደ ድሬዳዋ ባቡር መሳፈር ነው። ሱሪያ እዚህ ተወልዳ እዚህ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ናት፤ ድሬዳዋን የምታውቀው በስልክ ነው።

እዚያው ቆሜ ነበር። ጫማዬን አየሁ፤ መጠረግ ነበረበት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ዛሬ ያንን መዝገብ ከፈትኩት። የከፈትኩት ኒዛርን የምይዝበት ነገር ፍለጋ ነው፤ ይህን ለራሴ ልመን።

የጠፋበት ቀን፣ የሁለቱ ፋይሎች ሰዓት። የፎቁ 7:50። የምድር ቤቱ 6:20። ውሳኔ፦ የፎቁ አዲስ ነው፣ ይቀመጥ።

6:20? ኑሪያ ከጠዋቱ በፈረንጅ ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮ ምን ትሠራለች? ጀልባዋ እንኳ አልተመለሰችም። ቀና ስል የግድግዳው ሰዓት ቀትር አልፏል፤ በኛ ስድስት ከሃያ።

ኒዛር ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ አየው፣ ማሽኑ በፈረንጅ 7:50 ብሎ ጻፈ። ኑሪያ ቀን ስድስት ከሃያ ላይ ጨረሰች፣ ፒሲዋ 6:20 ብሎ ጻፈ። ማሽን ቁጥር እንጂ ፀሐይ አያይም። ሰባት ከስድስት ይበልጣል፣ ስለዚህ የጠዋቱ አዲስ፣ የቀትሩ አሮጌ። ኒዛር ፋይሉን ባልነካባቸው ቀናት ደግሞ የፎቁ የትናንት ስለሚሆን የሷ ያልፋል። ለዚህ ነው በየቀኑ ያልጠፋው።

ያንን ሰዓት ማን እንዳዞረው ደብተሩ ላይ ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። ማንበብ አያስፈልገኝም ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሰው ሳይመጣ ገብቼ የፒሲዋን ሰዓት መለስኩት። ኑሪያን «ባትሪው ደክሞ ሰዓቱ ተዛብቶ ነበር፣ ወደ ፈረንጁ መልሼዋለሁ» አልኳት። እሺ አለች። ከሰዓት ጋር መጣላት አሁን ትንሹ ችግሯ ነው።

ሐሳቤ እንዲህ ነው፦ ከእንግዲህ ፋይል አይጠፋም። ሐጂ ያያሉ። ልባቸው ይራራል። ኮንትራቱ ይታደሳል። ማንም አይጎዳም። በተለይ እኔ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

አንድም መስመር አልጠፋም። ሐጂ አይተዋል። «ማስጠንቀቂያው ረዳት» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። «ሰው እንዲህ ነው፣ ሲፈራ ይጠነቀቃል።» ኮንትራቱስ ስላቸው «ቃሌ ቃል ነው» አሉ። ይልቅ በሷ ቦታ ሰው ፈልግልኝ ብለውኛል። እኔን!

ኑሪያ መነጽር አድርጋ መጣች። «ዓይኔ ይሆናል ብዬ ታየሁ» አለችኝ። «ሐኪሙ ዓይንሽ ደህና ነው ይላል። እኔ ግን ሌላ ቁልፍ እየነካሁ ይሆናል የማጠፋው። አንተስ ምን ይመስልሃል? የኮምፒውተር ሰው ነህ።»

«ሊሆን ይችላል» አልኳት።

እንዲህ ያለውን መልስ ለጠላቴ እንኳ አልመልስም። መነጽሩ ደግሞ ያምርባታል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ዛሬ ኑሪያ ሐጂ ቢሮ ገብታ ይቅርታ ጠየቀች። በሩ ክፍት ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እንዴት እንደማጠፋው ግን አላውቀውም፤ ለልጄ ስትሉ አንድ ዓመት ጨምሩልኝ» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ የተለማመደችው ይመስላል። ሐጂ አይሆንም አሉ፣ በትሕትና።

ኒዛር እንኳ ቀና አላለም። እኔ ፕሪንተር አስተካከልኩ። ፕሪንተሩ አልተበላሸም ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ለትርንጎ ሁሉንም ነገርኳት። ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር። ጫማዋን አድርጋ ተነሣች።

«ባለፈው ዓመት የቤቱ ሰውዬ ብርጭቆ ሰበረና ዝም አለ፤ ሚስቱ እኔን ተሳደበች። እሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር፣ ሶሬ። ያን ቀን ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? በልቤ?»

«ምን አልሽው?»

«ለወንድሜ የማልለውን» ብላ ሄደች። ሻይዋን አልጠጣችም።

እሁድ፣ ጳጉሜን 2

ለኑሪያ ነገርኳት። ምሳ ሰዓት፣ ምድር ቤት፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሳለ። ሰዓቱን ከሰኔ፣ መዝገቡን ከነሐሴ፣ የባትሪውን ውሸት ጭምር። ለመናገር አንድ ወር የፈጀብኝ ነገር አራት ደቂቃ ነው የወሰደው።

መነጽሯን አወለቀችና በሻሿ ጫፍ ስትጠርገው ቆየች። «ሁለት ጊዜ እንዳብድ አድርገኸኛል» አለች። «አንዴ ሲጠፋ፣ አንዴ መጥፋቱን ሲተው።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

«ይቅርታውን ለራስህ አቆየው። ወረቀት ጻፍልኝ። በፈረንሳይኛ፣ በፊርማህ።»

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

ትናንት የጻፍኩላትን ዛሬ ጠዋት አነበበችው። «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ይላል፣ ሦስት ቦታ። መለሰችልኝ።

«ይሄ የቴክኒክ ችግር አባት የለውም? ስሙን ጻፍ።»

እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ እንደገና ጻፍኩት። የሰዓቱን ቅንብር የቀየርኩት እኔ ሶሬሳ ነኝ፣ ነሐሴ 5 ቀን ካወቅኩ በኋላ የደበቅኩትም እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ኑሪያ አንድም ፋይል አላጠፋችም። ተነሥታ «በል ቅደም» አለችኝ፤ ወደ ሐጂ ቢሮ ደረጃውን አብረን ወጣን፣ እኔ ከፊት።

ሐጂ አነበቡት፣ ለኒዛር ሰጡት። ኒዛር ወደ ማሽኑ ሄዶ ተመለሰ። «እውነት ነው» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ ፎቅ ላይ እጅ የሚያበዛ ሰው አለ ያልኩትን እንኳ አላነሣብኝም። ቢያነሣው ይሻለኝ ነበር።

ሐጂ መጀመሪያ የተናገሩት ለኔ አልነበረም። «ልጄ፣ እኔም በድዬሻለሁ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ነሐሴ 6 ቀን ብትመጣ ኖሮ ስሕተት ነበር የምለው» አሉ። ምን እንደሚሉት አሁን አልነገሩኝም።

ሰኞ፣ መስከረም 12

የኑሪያ ኮንትራት ለሁለት ዓመት ታደሰ። የኔ ለስድስት ወር፣ ከመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጋር። ፈረምኩ። በዛ አልልም።

ጠዋት ሰላም ትለኛለች፣ ዘበኛውን ሰላም እንደምትለው፤ እንዲያውም ዘበኛውን ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች። የፋይል ነገር ሲኖር ፎቅ ለኒዛር ስልክ ትደውላለች። እኔ ለሥራ ጉዳይ መውረድ ትቻለሁ፤ ለካ ምድር ቤት ያን ያህል ሥራ አልነበረም።

ዛሬ ለካርዷ እድሳት ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ ስታደራጅ በበሩ አለፍኩ። አንድ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ካርዷ፣ የሱሪያ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ከላይ ደግሞ የኔ ደብዳቤ አለ። ኮንትራቱ ታድሶልሽ ይሄ ምን ያደርግልሻል አልኳት። «ሰው ሲጠይቀኝ አሳየዋለሁ» አለችና ሁሉንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እወዳታለሁ። እዚህ ደብተር ላይ አንድም ቦታ አልጻፍኩትም፤ ፈልጌ አጣሁት። ሐምሌን ሙሉ ስሜን ይዛ እንድትዞር ስመኝ ነበር። አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች።